የድንቅነሽ አምሳያና የጌዴኦ ትክል ድንጋዮች

በ1974 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ሐዳር ላይ የተገኘችው ድንቅነሽ በ2008 በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ በራጅ ተመርምራ ከ35,000 በላይ የውስጥ ምስሎች ተነሥተውላታል። በ2016 የትከሻዋና የጉልበቷ ቅርጽ በኮምፒዩተር ተዘጋጅቶ ለሕዝብ ስለ ተሰጠ፣ ማተሚያው ያለው ሁሉ ፕላስቲክ በስሱ እየደራረበ አምሳያውን ሊያወጣ ይችላል። የጥንት አጥንት በተዳሰሰ ቁጥር ይጎዳል፤ አምሳያውን ግን የፍስሐ ገነት ተማሪ እንኳ አገላብጦ ቢመረምረው ጉዳት የለውም።

ዘዴው ለጌዴኦ ትክል ድንጋዮችም ይበጃል። ቅርጻቸው በብርሃን ተለክቶ ቢታተም፣ አምሳያው ወደ ሙዚየም ሲሄድ ድንጋዩ ከቆመበት አይነቀልም። ዩኔስኮ በ2023 የመዘገበው ድንጋዩን ብቻ ሳይሆን የጌዴኦን ምድር ከነእርሻውና ከነደኑ ነው፤ ይህን ደግሞ ማንኛውም ማተሚያ ሊያትመው አይችልም።