ክሳትን የሚያነብ ዓይን፦ ጾም፣ የሰውነት ክብደትና የኤችአይቪ መገለል በራያ ቆላ



ሮቢት የሚለው ስም ረቡዕን ያስታውሳል፤ ረቡዕ ደግሞ ለኦርቶዶክሳዊው ምእመን የጾም ቀን ነው። ስለዚህ ስለ ጾም፣ ስለ ክብደትና ስለ መገለል ለመናገር ከሮቢትና ከቆቦ ሜዳ የተሻለ መነሻ አላገኘሁም። አካባቢው ክርስቲያንና ሙስሊም በአንድ ቤተ ዘመድ ውስጥ ተሰናስለው የሚኖሩበት ነው። በ2017 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም የካቲት 17 ቀን ገብቶ ረመዳን በየካቲት 22 ሲጀምር ሁለቱም ወገኖች ለሳምንታት አብረው ጾመዋል። በእንዲህ ያለው ወቅት ሰው ይከሳል፤ የከሳውም ይታያል፤ የታየውም ይተረጎማል። የዛሬው ንግግሬ ስለዚህ ትርጓሜ ነው።

በቅድሚያ ጾም በሰውነት ላይ ምን ያደርጋል? በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዐት ምእመናን የሚጾሟቸው ቀናት በዓመት 180 ያህል ሲሆኑ፣ የካህናቱና የመነኮሳቱ ሲደመር እስከ 250 ይደርሳል። ዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ነው። ጾሙ ሁለት ነገሮችን ያጣምራል፤ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል መተውን እና እስከ እኩለ ቀን ወይም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከምግብና ከውኃ መከልከልን። በቀርጤስ ደሴት በግሪክ ኦርቶዶክሶች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ጥናት የጾመኞቹ ኮሌስትሮል እንደቀነሰ፣ ክብደታቸውም በጥቂቱ እንደወረደ አሳይቷል። በረመዳን ላይ የተካሄዱ በርካታ ጥናቶች ተጠቃለው ሲታዩም አማካይ ቅናሹ አንድ ኪሎ ግራም ገደማ ነው፤ እርሱም ከፆሙ በኋላ በጥቂት ሳምንታት ይመለሳል። እንግዲህ ጾምን የክብደት መቀነሻ አድርገው የሚሰብኩ ወገኖች ከማስረጃው በላይ እየተናገሩ ነው። ሽሮው በዘይት ሲጥለቀለቅ፣ ፋሲካውም በዶሮና በቅቤ ሲካካስ ሒሳቡ ወዴት እንደሚያዘነብል እናንተም ታውቁታላችሁ።

ይሁን እንጂ አንድ ኪሎም ቢሆን ከጉንጭ ላይ ሲነሳ ለጎረቤት ዓይን ብዙ ነው። ለዚህ ደግሞ ታሪካዊ ምክንያት አለው። እ.ኤ.አ. በ1985 የዓለም ጤና ድርጅት በባንጊ ከተማ ላቦራቶሪ ለሌላቸው አገሮች ባወጣው የኤድስ መለያ ውስጥ ከዋና ዋናዎቹ ምልክቶች አንዱ ከሰውነት ክብደት ከ10 በመቶ በላይ ማጣት ነበር። በዚያው ዓመት ከዩጋንዳ የወጣው ዘገባ ሕመሙን የአገሬው ሰው በሚጠራበት ስም «የቅጥነት በሽታ» ሲል አስተዋወቀው። በእኛም ዘንድ መመንመን የሚለው ቃል ከበሽታው ጋር ተቆራኘ። ያኔ ይህ ንባብ ከሞላ ጎደል ትክክል ነበር፤ ሕክምና የሌለው ሕመምተኛ በእርግጥ ይመነምን ነበርና። ጉዳቱ የመጣው በሽታው ከተለወጠ በኋላ ንባቡ ሳይለወጥ መቅረቱ ነው።

ነጻ የፀረ ኤችአይቪ ሕክምና በአገራችን የተጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። ከመጀመሪያዎቹ መድኃኒቶች አንዱ የነበረው ስታቩዲን ቫይረሱን እያዳከመ የፊትንና የእጅ እግርን ስብ ያሟጥጥ ነበር። ሰውዬው በደሙ እየዳነ በፊቱ የታመመ ይመስል ነበር ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 መጨረሻ ይህ መድኃኒት ቀስ በቀስ እንዲወጣ መክሯል። በጎረቤት አእምሮ የተሳለው የጎደጎደ ጉንጭ ግን አብሮት አልወጣም።

የሃይማኖት ተቋማቱን በተመለከተ ብዙ ተማሪዎች በጥናት ንድፈ ሐሳባቸው ላይ «ሃይማኖት እንቅፋት ነው» ብለው ይጀምራሉ። አልስማማም። ሥርዐቱ ለሕሙማን ፈቃድ ይሰጣል፤ ንስሐ አባት ከጾም ያሳርፋል። ቁርኣንም በሱረቱል በቀራህ ለበሽተኛና ለመንገደኛ ፆሙን በሌላ ቀን እንዲተካ ፈቅዷል። ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስም እ.ኤ.አ. በ2007 ጠበልና መድኃኒት አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በይፋ ተናግረዋል። ይህም በባዶ ሆድ ለሚጠመቁና ለሚጠጡ ሕሙማን ትልቅ እፎይታ ነበር።

ችግሩ ፈቃዱ የሚታይ መሆኑ ነው። በሁዳዴ ረፋድ ላይ ቁርስ የምትበላ ሴት ለምራቷ ወይም ለቡና ጎረቤቶቿ ምን ትላለች? «ሐኪም አዞኝ ነው» ስትል ተከታዩ ጥያቄ «ምን ብሎሽ?» ነው። ከዚህ ጥያቄ ለማምለጥ አቅም ሳይኖራት ትጾማለች። በሌላ በኩል ደግሞ ጾም ራሱ መከለያ ይሆናል፤ «ምነው ከሳህ?» ለሚል «ጾሙ ነዋ!» የሚለው መልስ ሁሉን ይዘጋል። ከፋሲካ በኋላ ግን ይህ መልስ አይሠራም። አንዱ ሥርዐት ለአንዱ ሰው በየካቲት መጋለጫ፣ በመጋቢት መሸሸጊያ ሊሆን መቻሉ በመጠይቅ ሣጥኖች ውስጥ የማይገባ ነገር ነው።

በሕክምናው በኩል ነገሩ እጅግ ቀልሏል። አሁን በስፋት የሚሰጠው ዶሉቴግራቪር በቀን አንድ ጊዜ፣ ከምግብ ጋርም ያለ ምግብም ይወሰዳል፤ ማታ ከማዕድ ወይም ከኢፍጣር በኋላ ሰዓትን ጠብቆ መዋጥ ከጾም ጋር አይጋጭም። ጥንቃቄው ብረት ወይም ካልሲየም ያለበትን እንክብል ለሚወስዱ ነው፤ እነዚህ በባዶ ሆድ አብረውት ከተዋጡ የመድኃኒቱን ወደ ደም መግባት ይቀንሳሉና። አዲስ ሕክምና የጀመረ፣ ሳንባ ነቀርሳ የያዘው ወይም ክብደቱ ገና ያላገገመ ሰው ግን ከሐኪሙ ሳይማከር መጾም የለበትም።

ከዚሁ መድኃኒት ጋር አዲስ እንቆቅልሽ መጥቷል። እ.ኤ.አ. በ2019 ከደቡብ አፍሪካና ከካሜሩን የወጡ ጥናቶች ዶሉቴግራቪር የሚወስዱ ሰዎች ክብደት እንደሚጨምሩ አመለከቱ። ሐኪሙ የደም ግፊትንና ስኳርን ፈርቶ «ቀንሱ» ሊል ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ውፍረትን እንደ ጋሻ ይዞ የኖረ ሰው ይህን ጋሻ በምን ልቡ ይጥላል? በኬፕ ታውን ኻየሊቻ ሰፈር ሴቶች ላይ የተደረገ ጥናት ቅጥነት ከኤችአይቪ ጋር መያያዙን መዝግቧል። «ወፈርሽ፣ ተመስገን!» በሚባልበት በእኛ አገርም ክብደት ቀንሱ የሚል ምክር ይህን ፍርሃት ሳያይ ከተሰጠ ጆሮ አያገኝም።

ለተመራማሪዎች አንድ የአለካክ ነገር ላንሳ። የ2008 ዓ.ም. የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መረጃ የተሰበሰበው ከጥር እስከ ሰኔ ነበር። በዚያ ዓመት ዐቢይ ጾም ከየካቲት 28 ጀምሮ ፋሲካ ሚያዝያ 23 ውሏል፤ የኤልኒኖ ድርቅም በላዩ ነበር። በየካቲት የተመዘነንና በሰኔ የተመዘነን ሰው ወቅቱን ሳይመዘግቡ ማወዳደር ጾምን፣ ድርቅንና በሽታን በአንድ ከረጢት መክተት ነው። እንደ ራያ ባለ ዝናቡ በሚዋዥቅ ቆላ ስሕተቱ ይብሳል። «ይጾማሉ?» ብሎ መጠየቅም አይበቃም፤ አብዛኛው ሰው «አዎ» ይላል። «ትናንት የመጀመሪያውን ምግብ በስንት ሰዓት በሉ? መድኃኒቱንስ?» ብትሉ እውነተኛ መልስ ታገኛላችሁ፤ ጥያቄውም ቤተሰብ በሌለበት ይሁን።

በመጨረሻ፣ ወደ መስክ የምትወጡ ተማሪዎች በምትደርሱበት ጤና ጣቢያ ሁሉ ሚዛኑ የት እንደተቀመጠ እንድትመዘግቡልኝ እፈልጋለሁ፤ ተራ ጠባቂዎች በተሰለፉበት ኮሪደር ነው ወይስ ከበር ወዲያ? ኪሎውስ ጮክ ተብሎ ይነበባል ወይስ ካርድ ላይ ብቻ ይጻፋል? አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።