ዓሣ ቀለሙን ከየት ያመጣል?

ባለፈው ዓመት በጥር ወር አንድ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ከሳንጃ ወንዝ ያጠመዳቸውን ሁለት ቆሮሶዎች በነፍሳቸው እንዳሉ በባልዲ ይዞ ወደ ክፍል መጣ። አንደኛው ጥቁር፥ ሁለተኛው አመድማ ነበር። ጥቁሩ የተያዘው ከገደል ሥር ካለ ጥላማ ኩሬ፥ አመድማው ደግሞ ፀሐይ ከሚያርፍበት አሸዋማ ዳር ነው። «መምህር፥ እነዚህ አንድ ዓይነት ናቸው ወይስ ሁለት?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔም የሥነ ሕይወት መምህር ነኝና አላውቅም ማለትን እንደ ነውር ቆጥሬ፥ ዓሦቹን ጠጋ ብዬ ሳልመረምር «ሁለት ዓይነት ናቸው» አልሁት።

ልጁ ግን በመልሴ አልረካም። ጥቁሩን በነጭ ሳፋ፥ አመድማውን በጥቁር ባልዲ አድርጎ በዛፍ ጥላ ሥር አስቀመጣቸው። ከሰዓት በኋላ ሄደን ብናይ ጥቁሩ ነጣ ብሎ፥ አመድማው ጠቁሮ አገኘናቸው። «መምህር፥ ዘር በግማሽ ቀን ይለወጣል እንዴ?» ቢለኝ ተማሪዎቹ ሳቁ፤ እኔም አብሬ ከመሳቅ በቀር መልስ አልነበረኝም። በማግስቱ በሰሌዳው ፊት ቆሜ ስሕተቴን አመንሁ። ይህንንም ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣኝ ያ ባልዲ ነው።

ብርሃን የሚሠራው

የዓሣ ጥቁር ቀለም የሚገኘው በቆዳው ውስጥ ባሉ ጥቃቅን ሕዋሳት ነው። በእያንዳንዱ ሕዋስ ውስጥ እጅግ ደቃቅ የሆኑ ጥቁር ቅንጣቶች አሉ። አንድ እፍኝ ኑግ በነጭ ሰሐን መካከል ቢከመር ሰሐኑ ከሩቅ ነጭ ይመስላል፤ ያው ኑግ በሰሐኑ ሁሉ ላይ ቢበተን ግን ሰሐኑ ይጠቁራል። የዓሣውም ነገር እንዲሁ ነው። ዓይኑ የሥፍራውን ብርሃንና ጨለማ አይቶ ለአንጎል ይነግራል፤ አንጎልም በነርቭና በሆርሞን አማካይነት ቅንጣቶቹ እንዲበተኑ ወይም እንዲሰበሰቡ ያዛል። ዓሣው በጨለማ ሥፍራ ጠቁሮ፥ በአሸዋ ላይ ነጥቶ ከወፍና ከሌላም ጠላት ዓይን ይሰወራል።

የኦስትሪያው ሊቅ ካርል ፎን ፍሪሽ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1911 ከዚህ የበለጠ አስደናቂ ነገር አሳተመ። ዓይናቸው የማያይ ትንንሽ ዓሦች እንኳ በግንባራቸው ላይ ብርሃን ሲያርፍ ቀለማቸው ይለወጥ ነበር። ከራስ ቅላቸው ሥር ብርሃን የሚሰማው ሌላ ክፍል አለና ነው። ይህ ሊቅ በኋላ፥ በ1973፥ በእንስሳት ጠባይ ጥናቱ የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆኗል።

ምግብ የሚሠራው

ብርሃን እንዲህ በፍጥነት የሚያደርገው ያለውን ቀለም መበተንና መሰብሰብ ነው። ጥቁሩን ቀለም ዓሣው ራሱ በሰውነቱ ይሠራዋል፤ ቢጫውን፥ ብርቱካንማውንና ቀዩን ግን ከባዶ ሊሠራው አይችልም። እነዚህ በአብዛኛው ካሮቲኖይድ ከሚባሉ ቅመሞች የሚመጡ ስለ ሆነ የግድ ከምግብ ማግኘት አለበት።

ለዚህ ጥሩ ምስክር የሚሆነን ክላውንፊሽ የሚባለው የባሕር ዓሣ ነው። የሳንጃ ሰው ድንበሩን ተሻግሮ ሱዳንን ወደ ሰሜን ቢያቋርጥ ቀይ ባሕር ይደርሳል፤ በዚያም ሁለት ነጭ መቀነት የታጠቀ፥ ቢጫና ብርቱካንማ ክላውንፊሽ ይኖራል። ባሕር ውስጥ ሳለ ከሚበላቸው ደቃቅ ፍጥረታት ጋር አስታዛንቲን የሚባለውን ቀይ ቅመም ይውጣል። በመስተዋት ገንዳ የሚያረቡት ሰዎች ይህ ቅመም የሌለበትን ምግብ ብቻ ቢሰጡት ግን ብርቱካንማው እየፈዘዘ ይሄዳል። መድኃኒቱ ቅመሙን ወይም ቅመሙ ያለባቸውን የባሕር ፍጥረታት በምግቡ መጨመር ነው። የመብራቱ ኃይልና የገንዳው ወለል መንጣት ወይም መጥቆር መልኩን ያደምቀዋል ወይም ያደበዝዘዋል፤ ሆኖም የቱንም ያህል መብራት ቢበራለት ያልበላውን ቀይ ቀለም አይሰጠውም። ነጩ መቀነት ደግሞ ሌላ ነው፤ ብርሃንን እንደ መስተዋት ከሚመልሱ ጥቃቅን ክሪስታሎች የሚመጣ ነው።

በአገራችንም ምስክር ሞልቷል። በአብያታና በጭቱ ሐይቆች የሚታየው ፍላሚንጎ ጫጩት ሳለ ግራጫ ነው። ሮዝ የሚሆነው ስፒሩሊና የሚባለውን የሐይቅ አልጌ እየበላ ሲያድግ ነው። በቢሾፍቱ አረንጓዴ ሐይቅን ያን መልክ የሰጠውም ይኸው አልጌ ነው። ወደ ቤታችንም እንመለስ፦ በመስከረም ላሞች ለምለም ሣር ሲግጡ ቅቤው ቢጫ ይሆናል፤ በበጋ ጭድ ሲበሉ ይነጣል። ነጭ ማሽላ ብቻ የምትለቅም ዶሮ የእንቁላሏ አስኳል ይገረጣል፤ ቅጠልና ቢጫ በቆሎ ያገኘችው ግን ይደምቃል።

የሰው ልጅስ?

የዓሣ መልክ ቢፈዝዝ የሚጎዳው ባለ ገንዳውን ነው ሊባል ይችላል። ነገሩ ግን ወደ እኛም ልጆች ይመጣል። ከነዚሁ ቅመሞች አንዱ፥ በ1831 መጀመሪያ ከካሮት ተለይቶ ስሙንም ከዚያ ያገኘው ካሮቲን፥ በሰውነታችን ውስጥ ወደ ቪታሚን ኤ ይለወጣል። ጆርጅ ዋልድ የተባለ አሜሪካዊ ሊቅ በ1933 ይህንን ቪታሚን በዓይን ውስጥ አገኘው። ዓይን በደብዛዛ ብርሃን የሚያየው በዚሁ ቪታሚን በሚሠራ ቅመም ነው። ቪታሚኑ ያነሰው ልጅ ማታ ማታ ዕቃ እየተደናቀፈ ይሄዳል፤ ይህንንም ዳፍንት እንለዋለን። ችግሩ ከበረታ ዓይን እስከ ማጥፋት ይደርሳል።

በቆላችን ነጭ ማሽላ የዘወትር እህል ነው፤ ሆድ ይሞላል እንጂ ካሮቲኑ ጥቂት ነው። ታዲያ ዱባ፥ የበሰለ ማንጎ፥ ፓፓያና አረንጓዴ ቅጠል ከገበታው ሊጎድሉ አይገባም። ካሮቲን ያለ ቅባት በደንብ ስለማይሰርግ ዱባው ጠብታ ዘይት ይፈልጋል፤ ሰሊጥ ደግሞ በደጃችን የሚበቅል ነው። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ያሉ ሕፃናት በየ6 ወሩ የሚሰጣቸውን የቪታሚን ኤ ጠብታ እንዳያልፋቸው ማድረግም የወላጅ፥ የታላቅ ወንድምና እህትም ግዴታ ነው።

ያንን ተማሪ በመጨረሻ ዓሦቹን ምን እንዳደረጋቸው ጠይቄው ነበር። «ከያዝኋቸው ቦታ መለስኋቸው፥ መምህር» አለኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ተማሪ አንድ ነገር ይዞ ሲመጣ መልስ ከመስጠቴ በፊት ነጭ ሳፋና ጥቁር ባልዲ አስመጣለሁ።