ዳገት፣ ጎርፍና ብስክሌት፦ ከአሰቦት እስከ ጭሮ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ የአዋሽን ወንዝ ተሻግሮ ወደ ምሥራቅ የሚጓዝ መንገደኛ፣ ወደ አሰቦት ከተማ ሲቃረብ ከሜዳው ተነጥሎ ለብቻው የቆመ ተራራ ያያል። በተራራው ላይ በአቡነ ሳሙኤል ስም የሚታወቀው ጥንታዊው የደብረ ወገግ ቅድስት ሥላሴ ገዳም ይገኛል። በቆላው ሜዳ የምድር ባቡር ሐዲድ ተዘርግቷል፤ ከሚኤሶ አልፎ ደግሞ መንገዱ ወደ ጨርጨር ደጋ መውጣት ይጀምራል። በዚህ አጭር ርቀት ውስጥ ቆላና ደጋ፣ ደረቅ ወንዝና ደን፣ ገዳምና የባቡር ጣቢያ ተሰባስበው ይገኛሉ። ለተራራ ብስክሌት ጉዞ ከዚህ የተሻለ አካባቢ ማግኘት ቀላል አይደለም።

ይሁን እንጂ የሚያምር አገር ሁሉ እንዳገኙ የሚጋለብበት አይደለም። የብስክሌት መስመር በካርታ ላይ በእርሳስ ሲሠመር የሚወሰነው የጋላቢው ድካም ብቻ ሳይሆን የመሬቱም ዕጣ ነው። በዚህ ጽሑፍ የአሰቦትንና የጭሮን አካባቢ እንደ ምሳሌ ወስደን፣ መስመር ሲመረጥ ሳይንስ ምን እንደሚል ለመቃኘት እንሞክራለን።

የተራራ ብስክሌት አመጣጥ

የተራራ ብስክሌት እንደ ስፖርት የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በአሜሪካ በካሊፎርኒያ ግዛት፣ በታማልፓይስ ተራራ አካባቢ ነው። ወጣቶች አሮጌና ከባድ ብስክሌቶችን እየጠገኑ በአፈር መንገድ ቁልቁል ይወዳደሩባቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1996 በአትላንታ ኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ ከውድድር ዓይነቶች አንዱ ሆነ። በአገራችንም ብስክሌት አዲስ አይደለም፤ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1956 በሜልቦርን ኦሊምፒክ ብስክሌተኞች አሰልፋለች። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። በገጠር ዱካዎች ላይ የሚደረገው የተራራ ብስክሌት ጉዞ ግን ገና ብዙ ይቀረዋል።

ባቡሩ ቆላውን ለምን መረጠ?

ዳግማዊ ምኒልክ ለስዊዘርላንዳዊው አልፍሬድ ኢልግ የባቡር መሥመር ፈቃድ የሰጡት እ.ኤ.አ. በ1894 ነበር። ሐዲዱ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ የደረሰ ሲሆን፣ አዲስ አበባ የገባው እ.ኤ.አ. በ1917 ነው። የመጀመሪያው ሐሳብ በሐረር ለማለፍ ቢሆንም ዳገቱና ወጪው አልፈቀዱም። ስለዚህ መሥመሩ ደጋውን ትቶ በግርጌው በኩል በሚኤሶና በአሰቦት አለፈ።

ምክንያቱን በቀላል ስሌት መረዳት እንችላለን። የብረት ጎማ በብረት ሐዲድ ላይ ሲንከባለል የሚገጥመው ሰበቃ እጅግ አነስተኛ ነው። 1 ቶን የሚመዝን ፉርጎ በለጥ ባለ ሜዳ ለመግፋት ከ1 እስከ 2 ኪሎ ግራም ክብደት የሚያህል ጉልበት ይበቃል። ነገር ግን መንገዱ በየ100 ሜትሩ 2 ሜትር ብቻ ከፍ ቢል፣ ማለትም 2 በመቶ ዳገት ቢኖረው፣ ሌላ 20 ኪሎ ግራም ያህል ይጨመርበታል። እንግዲህ ለዓይን የማይታይ ዳገት የባቡሩን ሸክም ከ10 እጥፍ በላይ ያሳድገዋል ማለት ነው።

ብስክሌት ግን በአፈር ላይ ቀድሞውኑም ብዙ ሰበቃ ይገጥመዋል። ጋላቢውና ብስክሌቱ በአንድነት 80 ኪሎ ግራም ቢመዝኑ፣ በጥርጊያ መንገድ ለመንከባለል 1 ኪሎ ግራም ከ200 ግራም ክብደት የሚያህል ጉልበት ይጠይቃሉ እንበል። ያው 2 በመቶ ዳገት የሚጨምረው 1 ኪሎ ግራም ከ600 ግራም ነው። ጭማሪው ከእጥፍ ብዙም አይርቅም። ባቡር የሚሸሸውን ዳገት ብስክሌት የሚደፍረው በዚህ ምክንያት ነው።

ከአሰቦት እስከ ሚኤሶ ያለው ክፍል እንግዲህ ባቡሩ ቀድሞ የመረጠው፣ ለጀማሪ የሚስማማው ክፍል ነው። ጋላቢዎች ግን ወደ ሐዲድ መግባት የለባቸውም። እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው አዲሱ መሥመር በኤሌክትሪክ የሚሠራ ሲሆን፣ ከበላዩ 25,000 ቮልት የተሸከመ ሽቦ ተዘርግቷል።

ከፍታ የማይቀር ዕዳ ነው

ሚኤሶ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,400 ሜትር፣ ጭሮ ደግሞ ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛሉ። በመካከላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከላይ የጠቀስነውን 80 ኪሎ ግራም 400 ሜትር ከፍ ለማድረግ ወደ 314,000 ጁል ሥራ ያስፈልጋል። ይህ መጠን በጠመዝማዛ መንገድ ቢወጡም፣ በአቋራጭ ቢወጡም አይለወጥም። ከፍታ የማይቀር ዕዳ ነው፤ በእጃችን ያለው ዕዳውን በአንድ ጊዜ ወይም ቀስ በቀስ መክፈል ብቻ ነው።

የማርሽ ጥቅምም ይኸው ነው። የፊተኛው ጥርስ 22፣ የኋለኛው 32 ሲሆን 26 ኢንች ጎማ ያለው ብስክሌት ፔዳሉ አንድ ጊዜ በዞረ ቁጥር 1 ሜትር ከ40 ሳንቲ ሜትር ያህል ይጓዛል። 44 በ11 ሲሆን ግን ከ8 ሜትር በላይ ይሄዳል። ማርሽ ዕዳውን አይቀንሰውም፤ በትናንሽ ክፍያ ይከፋፍለዋል እንጂ።

ይሁንና ይህም ወሰን አለው። በ10 በመቶ ዳገት ላይ በሰዓት 6 ኪሎ ሜትር ለመውጣት ለከፍታው ብቻ 130 ዋት ያህል ያስፈልጋል። ዳገቱ 20 በመቶ ከሆነ በዚያው አቅም ፍጥነቱ ወደ 3 ኪሎ ሜትር ይወርዳል፤ በዚህ ፍጥነት ደግሞ ሚዛን መጠበቅ ያስቸግራል። የሰው አካል ከሚያቃጥለው ምግብ ወደ እንቅስቃሴ የሚለውጠው ሩብ ያህሉን ብቻ ስለሆነ፣ 130 ዋት የሚያወጣ ጋላቢ ወደ 390 ዋት ሙቀት ያመነጫል። ይህን ሙቀት በላብ ለማስወገድ በሰዓት ከግማሽ ሊትር በላይ ውሃ መትነን አለበት። የቆላው ፀሐይ ሲጨመርበት ፍላጎቱ ከዚህም ይበልጣል።

ጭሮ፣ በቀድሞ ስሟ አሰበ ተፈሪ፣ የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አርቃቂ የነበሩት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የጨርጨር ገዥ ሆነው ያስተዳደሩባት ከተማ ናት። ከዚያ ወደ ኩኒ በኩል ወደ ደጋው ሲወጣ ሌላ የሚያስደንቅ ነገር አለ፤ የጨርጨር ተራሮች የውሃ መለያያ ናቸው። በሰሜናዊው ተዳፋት የወደቀ ዝናብ ወደ አዋሽ ተፋሰስ ይሄዳል፤ በደቡብ የወደቀው በራሚስ ወንዝ በኩል ወደ ዋቤ ሸበሌ ይወርዳል። አዋሽ በአቤ ሐይቅ ይቀራል፤ ዋቤ ሸበሌም በአብዛኛው በሶማሊያ ረግረግና አሸዋ ውስጥ ይሰወራል። ከአንድ ተራራ ጀርባ የሚለያዩት ሁለቱ ውሃዎች ባሕር አይደርሱም።

ደረቅ የሚመስለው ወንዝ

በሚኤሶና በአሰቦት ቆላ ብዙዎቹ ወንዞች ዓመቱን ሙሉ አይፈሱም። በበጋ አሸዋቸው ነጭ መንገድ ይመስላል፤ ለብስክሌትም ይጋብዛል። አደጋው ያለው እዚህ ላይ ነው። በቆላው ሰማይ ጠርቶ ሳለ በጨርጨር ደጋ ከባድ ዝናብ ሊጥል ይችላል፤ ጎርፉም ከሰዓታት በኋላ ባልታሰበ ጊዜ ይደርሳል። የሚፈስ ውሃ በሰው እግር ላይ የሚያሳርፈው ግፊት ከፍጥነቱ ስኩዌር ጋር ያድጋል፤ ፍጥነቱ በእጥፍ ሲጨምር ግፊቱ 4 እጥፍ ይሆናል። ጉልበት ያልደረሰ ውሃ ሰውን የሚጥለው ለዚህ ነው። ስለዚህ በበልግም ሆነ በክረምት ወራት የወንዝ አሸዋ መንገድ ሊሆን አይገባም። መሻገር ካስፈለገ የአካባቢውን ሰው ጠይቆ፣ ቀጥ ብሎ በቶሎ መሻገር እንጂ በወንዙ ውስጥ ማረፍ ወይም መስፈር አይገባም።

ውሃ ቀጥታውን ይወዳል

ውሃ ከከፍታ ሲወርድ ሁልጊዜ እጅግ የቆመውን አቅጣጫ ይመርጣል። የብስክሌት ዱካም ይህን አቅጣጫ ከተከተለ በመጀመሪያው ዝናብ ቦይ ይሆናል፤ በጥቂት ዓመታትም ሸለቆ ይሆናል። በተለይ ፍሬን ተይዞ ጎማው ሳይዞር ሲንሸራተት የሚተወው ቀጭን መስመር ለውሃ የተዘጋጀ መንገድ ነው።

የዱካ ባለሙያዎች በዚህ ምክንያት ሁለት ቀላል ደንቦችን ይከተላሉ። አንደኛ፣ የዱካው ዳገት ከሚያልፍበት ተዳፋት ዳገት ግማሽ መብለጥ የለበትም፤ ተዳፋቱ 16 በመቶ ከሆነ ዱካው ከ8 በመቶ አይለፍ። ሁለተኛ፣ የዱካው አማካይ ዳገት በአጠቃላይ ከ10 በመቶ አይብለጥ። እንዲህ ሲሆን ውሃው በዱካው ላይ ሳይጓዝ አቋርጦት ያልፋል።

የሐረርጌ ገበሬ ይህን ሕግ ከማናችንም በፊት ያውቀዋል። በማሽላው፣ በቡናውና በጫቱ ማሳ ላይ የምናየው የድንጋይ እርከን ተዳፋቱን አግድም ቆርጦ ውሃውን የሚያዘገይ ነው። ጠመዝማዛ ዱካ ለጋላቢው የሚሠራውን እርከን ለአፈሩ ይሠራል። አንድ ብስክሌተኛ እርከን ጥሶ ቢወርድ የሚያፈርሰው ጥቂት ድንጋይ ቢመስለውም፣ ለጎርፉ የሚከፍተው በር ግን የበታቹን ማሳ ሁሉ ያሰጋል።

ተራራው በእግር ይወጣ

የአሰቦት ተራራ ከፍታ ወደ 2,500 ሜትር ሲሆን ከግርጌው ሜዳ 1,000 ሜትር ገደማ ይነሣል። በየ1,000 ሜትሩ የአየሩ ሙቀት 6 ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስ፣ ከታች ግራር ብቻ ከሚበቅልበት ቆላ በላይ ጥድና ወይራ ያለበት የደጋ ደን ተጠብቆ ቆይቷል። በቆላ የተከበበ የደጋ ደን በባሕር መካከል እንዳለ ደሴት ነው። ከጠፋ በአቅራቢያው ዘር የሚልክለት ሌላ ደን የለም። በ2004 ዓ.ም. በገዳሙ ደን ላይ የተነሣው ቃጠሎ ይህ ሀብት ምን ያህል ስስ እንደሆነ አሳይቷል።

ቁልቁለቱም ለብስክሌት አይመችም። 80 ኪሎ ግራም ከ1,000 ሜትር ከፍታ ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት ወደ 784,000 ጁል ነው። ይህ በግርጌው ከፍታ 2 ሊትር ተኩል ያህል ውሃ ለማፍላት የሚበቃ ሙቀት ሲሆን፣ በዝግታ ለሚወርድ ጋላቢ አብዛኛው በፍሬኑ ላይ ያርፋል። በካሊፎርኒያ የመጀመሪያዎቹ ወጣቶች ከአንድ ቁልቁለት በኋላ የፍሬናቸው ቅባት ተቃጥሎ ስለሚያልቅ እንደገና መቀባት ነበረባቸው፤ የውድድሩ ስም «ሪፓክ» የተባለው ከዚህ የተነሣ ነው።

ስለሆነም ብስክሌቱን ከግርጌው በአደራ አስቀምጦ፣ የገዳሙን ሥርዓት ጠይቆና አክብሮ፣ እሳት ሳይለኩሱ በእግር መውጣት ለደኑም፣ ለመነኮሳቱም፣ ለተጓዡም ይበጃል።

ከመነሣት በፊት

ለዚህ ጉዞ የሚያስፈልገው ዝግጅት ከባድ አይደለም። የግራር እሾህ ስለሚበዛ ትርፍ ከመነዳሪ፣ መለጠፊያና መንፊያ መያዝ ግድ ነው፤ ከከተማ ውጭ ጎሚስታ አይገኝም። በአሸዋ ላይ የጎማውን አየር በመጠኑ መቀነስ፣ በአስፋልት ላይ መልሶ መሙላት ይረዳል። ለአንድ ሰው ለግማሽ ቀን ቢያንስ 3 ሊትር ውሃ ይያዝ። የአስፋልቱ መንገድ የከባድ መኪና መተላለፊያ ስለሆነ ከተቻለ የውስጥ ዱካዎችን መምረጥ ይሻላል። ከሁሉ በፊት ግን ስለ ጸጥታው ሁኔታ የወረዳውን አስተዳደርና የአገር ሽማግሌዎችን መጠየቅ ያስፈልጋል። ከአካባቢው የተወለደ መንገድ መሪ መያዝም የትኛው ዱካ የከብት፣ የትኛው የግል ማሳ፣ የትኛው የጎርፍ መውረጃ እንደሆነ ለመለየት ከማንኛውም ካርታ ይበልጣል።

የእግር መንገዶቹን ያወጡት በአህያና በግመል ሲጓዙ የኖሩ የአካባቢው ሰዎች ናቸው። እነርሱ የፊዚክስ ቀመር ሳይጽፉ ዳገቱን ከፋፍለው መክፈልን ያውቁ ነበር። ብስክሌተኛው የእነርሱን ጠመዝማዛ ትቶ አቋራጭ ቢሻ የሚያተርፈው ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ገበሬው የሚያጣው አፈር ግን በአንድ ሰው ዕድሜ አይመለስም።