ገርቢ

ገርቢ (በሳይንሳዊ ስሙ ፋይደርቢያ አልቢዳ) ከአተርና ከባቄላ ወገን የሆነ፣ ለግራር የሚቀርብ ትልቅ እሾሃማ ዛፍ ነው። በምሥራቅ ሸዋ፣ በሉሜ ወረዳ፣ ከሞጆ ከተማና ከደረቅ ወደቡ ወጣ ሲሉ በጤፍ፣ በስንዴና በሽምብራ ማሳዎች መካከል ተበታትኖ ይታያል። ከብዙ ዛፎች የሚለየው ጊዜው የተገለበጠ በመሆኑ ነው። ክረምት ሲገባ ቅጠሉን ያራግፋል፤ ዝናቡ ሲያቆም ደግሞ ይለመልማል። ስለዚህ ጥላውም አበባውም የሚገኙት ምድሩ መድረቅ ከጀመረ በኋላ ነው።

ስሙ

«ገርቢ» የኦሮምኛ ስሙ ሲሆን በትግርኛ «ሞሞና» ይባላል። በአማርኛ ብዙ ሰው በደፈናው «ግራር» ብሎ ያልፈዋል፤ ይህ ግን ከሌሎቹ የስምጥ ሸለቆ ግራሮች ጋር ያደባልቀዋል። ከናፖሌዎን ዘመቻ ጋር ግብፅ የሄደው ፈረንሳዊው የዕፅዋት ሊቅ ዴሊልም በ1813 እ.ኤ.አ. ከግራሮች መካከል መድቦት ነበር። በ1934 እ.ኤ.አ. ሌላው ፈረንሳዊ ሼቫሊዬ ለብቻው ወገን አድርጎ ለየው፤ ስሙንም በሴኔጋል የፈረንሳይ ገዥ ከነበረው ከጄኔራል ፌደርብ ወሰደለት።

ለመለየት ቀላሉ መንገድ በነሐሴ ማየት ነው። ሌላው ሁሉ አረንጓዴ ለብሶ ሳለ ገርቢ እርቃኑን ይቆማል፤ የማያውቀው ሰው ደርቋል ብሎ ሊቆርጠው ይችላል። በበጋ ደግሞ ፍሬውን መመልከት ይበቃል፤ ብርቱካንማ፣ ሰፋ ያለ፣ እንደ ተላጠ የፖም ልጣጭ የተጠማዘዘ ነው። አበባውም እንደ ብዙዎቹ ግራሮች ክብ ኳስ ሳይሆን ረዘም ያለ ዘለላ ነው።

አበባውና ንብ

አበባው ነጣ ያለ ክሬማ ቀለምና ጥሩ ሽታ አለው። ንቦች ከእርሱ የአበባ ወለላም ዱቄትም ይቀስማሉ። በአካባቢው መስከረምና ጥቅምት የንብ ጥጋብ ወራት ናቸው፤ አደይ አበባውም የማሳው ዳር አረሙም አብሮ ያብባል። ችግሩ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ሰብሉ ታጭዶ ሣሩ ሲደርቅ ንብ የሚቀስመው ያጣል፤ ምግብ የጠፋበት ንብም ቀፎውን ጥሎ ይኮበልላል። ገርቢ የሚጠቅመው ይህን ክፍተት በማጥበቡ ነው፤ ሥሩ ከመሬት በታች በአሥር ሜትሮች የሚቆጠር ጥልቀት ስለሚወርድ የክረምቱን ዝናብ ሳይጠብቅ ያብባል።

ቀፎ ከሥሩ ማስቀመጥም ይቻላል። የበጋ ፀሐይ በቀጥታ የሚያርፍበት ቀፎ ውስጥ ሰሙ ይለሰልሳል፤ ንቦቹም አበባ መቅሰሙን ትተው ውኃ በማመላለስና በክንፋቸው በማራገብ ይደክማሉ። ሌላ ዛፍ ቅጠሉን በሚያራግፍበት ወቅት ገርቢ ጥላ ይሰጣል። ሆኖም በቆቃ ሐይቅና በሞጆ ወንዝ አካባቢ በመስኖ ቲማቲምና ሽንኩርት የሚያለማ ገበሬ ጎረቤት ከሆነ ጥላው ብቻውን አያድንም። ፀረ ተባይ የሚረጨው ንቦች ወደ ቀፎ ከገቡ በኋላ፣ ወደ ማታ እንዲሆን አስቀድሞ መነጋገር ያስፈልጋል።

ሰብሉና ከብቱ

ዛፍ በማሳ ውስጥ ሲገኝ ብዙውን ጊዜ ከሰብሉ ጋር በብርሃን ይሻማል። ገርቢ ግን ሰብሉ በሚያድግበት ክረምት ቅጠል ስለሌለው ሽሚያው አነስተኛ ነው። የሚያራግፈው ቅጠል አፈሩን ያዳብራል፤ ሥሩ ላይ ባሉ እባጮች የሚኖሩ ባክቴሪያዎችም ከአየር ናይትሮጅን ይይዛሉ። በማዕከላዊ ስምጥ ሸለቆ የስንዴ ማሳዎች ላይ የተደረገ ጥናት ዛፉ ስንዴውን ከከፍተኛ ሙቀት እንደሚከላከል አሳይቷል። ፍሬውን ከብትም ፍየልም ይበላዋል።

አተካከሉ

ዘሩ ጠንካራ ሽፋን ስላለው እንዲሁ ቢዘራ ለመብቀል ብዙ ይቆያል። የፈላ ውኃ አፍስሶ እዚያው እስኪቀዘቅዝ ማሳደር ሽፋኑን ያለሰልሰዋል። በተፈጥሮ ይህን ሥራ የሚያግዙት ከብቶች ናቸው፤ ፍሬውን በልተው ዘሩን በፋንድያቸው ይዘሩታል።

ችግኙ ከቅጠሉ ይልቅ በመጀመሪያ ወደ ታች ይሮጣል። ዋና ሥሩ በአጭር የችግኝ ፕላስቲክ ውስጥ ተጠማዞ ከቀረ በኋላ ብዙ ተስፋ የለውም፤ ስለዚህ ረጅም ፕላስቲክ ይመረጣል፣ ተከላውም ዝናቡ እንደ ጀመረ ይሆናል። በማሳ ውስጥ በዛፍና በዛፍ መካከል 10 ሜትር ያህል ቢተው በሄክታር 100 ዛፍ ይይዛል። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ትዕግሥት ይጠይቃሉ፤ ከመሬት በላይ የሚታየው ዕድገት ትንሽ ነው፣ አበባም ለማየት ብዙ ዓመት ይፈጃል። ጥላ በቶሎ ለሚፈልግ ሰው ሌላ ዛፍ ይሻላል። ለከባድ መኪና ማቆሚያም አይመከርም፤ የወደቀው እሾህ ጎማ ባይበሳ እንኳ ጫማ ይወጋል።

ከመትከል ይልቅ ብዙ ጊዜ የሚቀለው ራሱ የበቀለውን መጠበቅ ነው። በኒጀር ገበሬዎች በማሳቸው የበቀለውን የገርቢና የሌሎች ዛፎች ችግኝ እየመረጡ በመተው ሰፊ መሬት መልሰው በዛፍ ሸፍነዋል። በኢትዮጵያ ደግሞ በ2011 እ.ኤ.አ. በደርባን በተካሄደው የአየር ንብረት ጉባኤ ጊዜ፣ ከ100 ሚሊዮን በላይ ገርቢ በእርሻ መሬት ላይ የማልማት ዕቅድ በጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ተነግሮ ነበር። ሉሜ ውስጥ ግን ችግኙን የሚያገኙት ማረሻና ልቅ ግጦሽ ናቸው። ማሳው ከታጨደ በኋላ ከብት ይለቀቅበታል፤ ፍሬውን በልቶ ዘሩን የዘራው ከብት ራሱ ተመልሶ ቡቃያውን ይበላዋል። ቡቃያውን በእሾህ ማጠርና በእርሻ ጊዜ በእንጨት ምልክት ማድረግ ይህን ይቀንሳል።

ቅርንጫፉን መቁረጥ

በሞጆ ዙሪያ ያሉ ብዙ ገርቢዎች አናታቸው የተመለመለ ነው፤ እሾሃማው ቅርንጫፍ ለአጥር፣ ወፍራሙ ለማገዶ ይወሰዳል። ዛፉ ቁርጥን ይችላል፣ መልሶም ያቆጠቁጣል። ነገር ግን ሁሉም ቅርንጫፍ በአንድ ጊዜ ከተቆረጠ የዚያ ዓመት አበባ፣ ፍሬና ጥላ አብሮ ይሄዳል፤ በየዓመቱ ከተደጋገመም ዛፉ በሕይወት ይኖራል እንጂ ንብ የሚጎበኘው ነገር አይኖረውም። ንብ ያለው ገበሬ በአንድ ዓመት ከፊሉን ዛፍ ብቻ ቆርጦ ሌላውን ለሚቀጥለው ሊያቆየው ይችላል፤ ወይም ከየዛፉ ላይ የታችኞቹን ቅርንጫፎች ብቻ አንሥቶ ለበሬዎቹ ማለፊያ ይከፍትና አናቱን እንዲያብብ ይተወዋል።