ኩበትና ፍግ፤ በደቡብ ጎንደር ደጋ ስለ ባዮጋዝ ጉድጓድ ዓይነቶችና በውስጣቸው ስለሚጨመረው ነገር

የእርሻ መሬት ብርታቱ የሚጠበቀው ከእርሱ የተወሰደው ሲመለስለት መሆኑን የደብረ ታቦር ገበሬ ከአባቶቹ የተማረው ነገር ነው። ነገር ግን በጉና ተራራ ዙሪያ፥ በፋርጣና በላይ ጋይንት፥ ደኑ እየተመናመነ በመሄዱ ብዙው የከብት እበት ወደ ማሳ መውጣቱ ቀርቶ ኩበት ሆኖ በምድጃ ይነድዳል። እበት ሲቃጠል ለእህል እጅግ የሚያስፈልገው ናይትሮጅን ከጭሱ ጋር ይጠፋል፤ የሚተርፈው አመድ ብቻ ነው። ቤቱ እሳት ይፈልጋል፤ ገብሱና ድንቹም ፍግ ይፈልጋሉ፤ አንዱ እበት ግን ለሁለቱ አይበቃም። ይህን ችግር በከፊል የሚያቃልለው ዘዴ ባዮጋዝ የተባለው ነው።

የጥበቡ መሠረት ከብዙ ዘመን ጀምሮ የታወቀ ነው። የኢጣልያው ሊቅ አሌሳንድሮ ቮልታ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1776 ዓ.ም. ከማጆሬ ሐይቅ ረግረግ የሚወጣው አየር የሚነድድ መሆኑን መርምሮ አገኘ። እበትም ከውሃ ጋር ተበጥብጦ አየር በማይገባበት ጉድጓድ ሲቀመጥ፥ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ነፍሳት እየበሉት ይህንኑ ጋዝ ያወጣሉ። ከጋዙም ከመቶ 50 እስከ 70 እጅ ያህሉ ሜቴን ነው። የቀረው ዝቃጭ ናይትሮጅኑን እንደ ያዘ በመውጫው ስለሚወጣ፥ አንዱ እበት አስቀድሞ እሳት፥ ቀጥሎም ፍግ ይሆናል ማለት ነው።

ለገበሬ ቤት የሚሠሩት ጉድጓዶች በሦስት ዓይነት ይከፈላሉ። የመጀመሪያው በቻይና የተጀመረው፥ ከመሬት በታች በድንጋይና በሲሚንቶ ተገንብቶ ጣራው እንደ ጉልላት የሚከደነው ነው። ጋዙ ከጉልላቱ በታች ሲጠራቀም ዝቃጩን ወደ መውጫው ይገፋዋል። የሚንቀሳቀስ ብረት ስለሌለው በደንብ ከተሠራ ብዙ ዓመት ያገለግላል። ሁለተኛው በሕንድ አገር የተስፋፋው፥ በላዩ የብረት ክዳን የሚንሳፈፍበት ነው። ክዳኑ ከፍና ዝቅ ሲል የጋዙን መጠን ያሳያል፤ ነገር ግን ብረቱ ይዝጋል፥ ዋጋውም ይወደዳል። ሦስተኛው ከጠንካራ ፕላስቲክ የሚሠራ ረዥም ከረጢት ሲሆን፥ ዋጋው ርካሽ ቢሆንም ፀሐይና የከብት ኮቴ ያበላሹታል። በጀርመን አገር ደግሞ በቆሎና ፍግ በታላላቅ ጋን ውስጥ እየተሞቀ የኤሌክትሪክ ኃይል ይወጣበታል፤ ይህ ግን ብዙ ገንዘብና መኪና የሚሻ ስለ ሆነ ለአንድ ቤተ ሰብ የሚሆን አይደለም።

በኢትዮጵያ ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2009 ዓ.ም. ሲጀመር የተመረጠው የመጀመሪያው ዓይነት ነው። በኔፓል አገር የተለመደው ንድፍ ተሻሽሎ «ስንዱ» ተባለ። በአማራ፥ በትግራይ፥ በኦሮሚያና በደቡብ ክልሎች 14,000 ጉድጓድ ለመሥራት ታስቦ፥ እስከ 2013 ዓ.ም. ፍጻሜ የተሠራው 8,000 ያህል ነበረ። ከተሠሩትም ውስጥ በውሃና በእበት ማነስ፥ እንዲሁም በጥገና ጉድለት፥ ሥራቸውን ያቆሙ ጥቂቶች አይደሉም። ስለዚህ የቦታውን ጠባይ አስቀድሞ መመርመር ያስፈልጋል።

ጥቃቅኖቹ ነፍሳት በብርቱ የሚሠሩት በ35 ዲግሪ ሙቀት አካባቢ ሲሆን፥ ከ15 ዲግሪ በታች ሥራቸው እጅግ ይዘገያል። በጣና ዳር ያለው የፎገራ ሜዳ ከባሕር ጠለል 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይገኛል፤ ደብረ ታቦር ግን 2,700 ሜትር ያህል ከፍታ አለው። በፎገራ ጋዙን በቶሎ የሚሰጠው እበት በደጋው ብዙ ቀን መቆየት ይገባዋል። በየቀኑ 20 ኪሎ እበትና 20 ሊትር ውሃ የሚጨምር ቤተ ሰብ፥ ድብልቁ 60 ቀን እንዲቆይ 2,400 ሊትር የሚይዝ ቦታ ያሻዋል፤ ለ90 ቀን ግን 3,600 ሊትር ያስፈልገዋል። የብረት ክዳንና ከረጢት ሌሊት ይቀዘቅዛሉ፤ መሬት ውስጥ የተቀበረው ግን ሙቀቱን በተሻለ ይጠብቃል። በላዩ አፈርና ገለባ መከመር፥ የሚቀላቀለውንም ውሃ በፀሐይ ማሞቅ ይረዳል።

የሚጨመረውም ነገር ምርጫ አለው። ነፍሳቱ በከብት ሆድ ውስጥ ስላሉ ከሁሉ የሚሻለው ትኩስ የከብት እበት ነው። የከብት ሽንትም የውሃውን ከፊል ይተካል። የተበላሸ ድንችና የወጥ ቤት ጥራጊ ተቆራርጦ በጥቂቱ ይጨመራል። አተላ ጋዝ ይሰጣል፤ ነገር ግን የከብት መኖ ስለ ሆነ አስቀድሞ ለበሬው መሰጠቱ ይሻላል፤ በአንድ ጊዜ ቢበዛም ጉድጓዱን ያኮመጥጠዋል። የጤፍ ገለባ ተንሳፍፎ ጋዙን ይዘጋል፤ እንጨት አይበሰብስም፤ አፈርና አሸዋ ከታች ይደልባሉ፤ ሳሙናና መድኃኒት ያለበት ውሃም ነፍሳቱን ይገድላል።

እንግዲህ የወረዳ ሹማምንት ጉድጓድ ከመቆፈሩ አስቀድሞ ሦስት ነገር ሊመረምሩ ይገባል፤ ይኸውም ቤተ ሰቡ ሌሊት በበረት የሚያድሩ ቢያንስ አራት ከብቶች ያሉት መሆኑን፥ በበጋ ውሃው ቅርብ መሆኑን፥ ቧንቧው ቢያፈስስ የሚጠግን ግንበኛ በአካባቢው መኖሩን ነው። ለገበሬውም እውነቱን አስቀድመው ያስረዱት፤ ትንሹ ጉድጓድ ለወጥና ለቡና የሚሆን እሳት ይሰጣል፤ የእንጀራ ምጣድ ግን ብዙ ጋዝ ስለሚፈጅ ማገዶው ፈጽሞ አይቀርለትም። ከሁሉ በላይ ጋዙ የሚያፍንና የሚነድድ ስለ ሆነ፥ ማንም ሰው ወደ ጉድጓዱ እንዳይገባ፥ በመክፈቻውም አጠገብ እሳት እንዳያበራ ጠንክረው ያስጠንቅቁ።

ዝቃጩም በመውጫው ተጠራቅሞ ፀሐይ እንዳያደርቀው ጥላ ይደረግለት፤ በዘር ጊዜም ወደ ድንቹና ወደ ገብሱ ማሳ ይውጣ። ዝቃጩ በደጅ የሚባክን ከሆነ መሬቱ እንደ ቀድሞው ተርቦ ይቀራል፤ የወጣውም ገንዘብ ግማሽ ጥቅሙን ያጣል።