በሠላሳ ፍሬም የታሰረ ጨዋታ

በቪዲዮ ጨዋታ የሚታየው እንቅስቃሴ በፍጥነት የሚፈራረቁ ቋሚ ምስሎች ውጤት ሲሆን፣ እያንዳንዱ ምስል ፍሬም፣ በአንድ ሰከንድ የሚፈራረቁት ምስሎች ብዛት ደግሞ የፍሬም ፍጥነት ይባላል። እንደ ፕሌይስቴሽን 3 እና ኤክስቦክስ 360 ያሉ ኮንሶሎች፣ ማለትም በዋናነት ለጨዋታ የተሠሩ መሣሪያዎች፣ አቅማቸው አስቀድሞ የታወቀ በመሆኑ፣ የጨዋታ ሠሪዎች ብዙውን ጊዜ ፍጥነቱን በሰከንድ 30 ፍሬም ላይ ይገድቡት ነበር። በዚህ ስሌት ለአንድ ፍሬም የሚደርሰው ጊዜ 33 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ነው፤ ፍጥነቱ አንዴ 45፣ አንዴ 28 እየሆነ ከሚዋዥቅ ዝቅ ብሎም ቢሆን ወጥ ሆኖ መቆየቱ ለዓይንም ለእጅም ስለሚመች፣ ገደቡ ለኮንሶሉ ተገቢ ውሳኔ ነበር።

ችግሩ የሚጀምረው ጨዋታው በሰከንድ 60 እና ከዚያም በላይ ፍሬም ሊያሳይ ወደሚችል ኮምፒዩተር ሲዛወር ነው። የጃፓኑ ፍሮምሶፍትዌር የሠራው ዳርክ ሶልስ እ.ኤ.አ. በ2012 ለኮምፒዩተር ሲቀርብ የ30 ፍሬም ገደቡ አልተነሣም፤ የተጫዋቹ ስክሪን የቱንም ያህል ጥራት ቢኖረው ምስሉ የሚሠራው በ1024 በ720 ነጥብ ብቻ ነበር። ዱራንቴ በሚል ስም የሚታወቅ ፕሮግራመር ወዲያውኑ ዲኤስፊክስ የተባለ ማሻሻያ በነፃ አቅርቦ የምስሉን ጥራት ከፍ አደረገ፤ በኋላ ፍጥነቱ ወደ 60 እንዲወጣ ሲደረግ ግን የገጸ ባሕርዩ ዝላይ አጠረ፣ በመሰላል ተንሸራቶ የሚወርደውም ወለሉን አልፎ የሚወድቅበት ጊዜ ነበር።

እንዲህ ያለው ብልሽት የሚመጣው ጨዋታው ጊዜን በሰከንድ ሳይሆን በፍሬም ሲቆጥር ነው። በየፍሬሙ 10 ሴንቲ ሜትር እንዲራመድ የታዘዘ ገጸ ባሕርይ በ30 ፍሬም በሰከንድ 3 ሜትር ሲሄድ፣ በ60 ፍሬም 6 ሜትር ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ኒድ ፎር ስፒድ ራይቫልስ በግድ ወደ 60 ሲወጣ የጨዋታው ዓለም በእጥፍ ፍጥነት የሮጠው፣ በዳርክ ሶልስ 2ም በ60 ፍሬም የጦር መሣሪያው ቶሎ ያልቅ የነበረው ከዚሁ ዓይነት አቆጣጠር የተነሣ ነው።

መድኃኒቱ ዴልታ ታይም የሚባለው ስልት ሲሆን፣ ጨዋታው ከቀደመው ፍሬም ወዲህ ያለፈውን ጊዜ እየለካ እንቅስቃሴውን በዚያው ልክ ያሰላል። ሆኖም በፍሬም ቆጠራ ላይ ተገንብቶ ያለቀን ጨዋታ ወደዚህ መመለስ ዝላዩን፣ ግጭቱንና ውጊያውን አንድ በአንድ መፈተሽን ስለሚጠይቅ፣ ገደቡን ባለበት መተው ርካሹ መንገድ ይሆናል። ይህ የወጪ ስሌት ለአሳታሚው የሚገባ ቢሆንም፣ ሙሉ ዋጋ የከፈለን ገዢ በበጎ ፈቃደኛ ጥገና ላይ መጣል ግን ተገቢ አይደለም። ዳርክ ሶልስ በኮምፒዩተር ላይ በይፋ 60 ፍሬም ያገኘው እ.ኤ.አ. በ2018 በታደሰው እትሙ ሲሆን፣ የቀድሞውን እትም በስቲም መደብር የገዙ ሰዎችም በግማሽ ዋጋ እንደገና መግዛት ነበረባቸው።