ፍልውሃ ከመግባትዎ በፊት ይህን ያንብቡ



በቅርቡ እዚህ ልደታ አንዲት እናት ለክትትል መጡ። ግፊታቸውን ስለካ ከወትሮው በጣም ከፍ ብሏል። "እማማ፣ መድኃኒቱን እየወሰዱ ነው?" ስላቸው ፈገግ አሉ። "ልጄ፣ ከተውኩት ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ፍልውሃ ጀምሬያለሁ። ጉልበቴ ቀሎኛል፣ ግፊቱንም ያወርዳል ብለውኛል።"

እውነት ለመናገር እማማ በግማሹ ልክ ናቸው።

አዲስ አበባም የተቆረቆረችው በፍልውሃ ምክንያት ነው። የአፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት እንጦጦ ላይ ሳለ መኳንንቱ ለመታጠብ ወደ ፊንፊኔ ይወርዱ ነበር። እቴጌ ጣይቱ ቦታውን ወደዱት፤ በ1879 ዓ.ም. ከተማዋ ተመሠረተች። በአውሮፓም በዳኑብ ወንዝ በመርከብ የሚጓዙ ጎብኚዎች ቡዳፔስት ሲደርሱ እ.ኤ.አ. በ1913 የተከፈተውን የሴቼኒ ፍልውሃ ያያሉ። እኛ ደግሞ ከልደታ በባቡር ሄደን ስታዲየም ብንወርድ ፍልውሃ ቅርባችን ነው።

ታዲያ ሙቅ ውሃ ምን ያደርጋል?

👉 ጡንቻን ያፍታታል፤ የመገጣጠሚያ ሕመምንና ድርቀትን ለጊዜው ያስታግሳል። የእማማ ጉልበት የቀለለው ለዚህ ነው።

👉 የደም ሥሮችን ያሰፋል፣ ስለዚህ ግፊት ትንሽ ይወርዳል። ግን ይህ ለአጭር ጊዜ ብቻ ነው! ከውሃው ወጥተው ትንሽ ሲቆዩ ግፊቱ ተመልሶ ይወጣል። መድኃኒት የሚያቋርጥ ሰው ምንም ሳይሰማው ለስትሮክና ለኩላሊት ጉዳት ይጋለጣል።

እነማን ይጠንቀቁ?

1. የስኳር ሕመምተኞች፦ እግራቸው የደነዘዘ ከሆነ ሙቀቱ ስለማይታወቃቸው ሳይሰማቸው ሊቃጠሉ ይችላሉ። የእግር ቁስል ደግሞ በስኳር ሕመም በቀላሉ አይድንም። ውሃውን መጀመሪያ ሌላ ሰው በክርኑ ይሞክርላቸው።

2. ነፍሰ ጡሮች፦ በተለይ በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት በጣም ሙቅ ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍ ለጽንሱ ጥሩ አይደለም።

3. የልብ ሕመም ያለባቸው፦ ሐኪማቸውን ሳያማክሩ አይግቡ።

4. ትኩሳት ወይም ክፍት ቁስል ያለበት ሰው፦ እስኪሻለው ይቆይ።

ሌሎቻችንስ?

✔ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይበቃል። "ብዙ ብቆይ የበለጠ ያድነኛል" የሚባል ነገር የለም።

✔ ከገንዳው ቀስ ብለው ይነሱ። ድንገት ብድግ ማለት ያዞራል፤ አረጋውያን የሚወድቁትም እንዲህ ነው። ብቻቸውን አይግቡ።

✔ ከመግባትዎ በፊትና ከወጡ በኋላ ንጹሕ ውሃ ይጠጡ። አልኮል ጠጥተው አይግቡ።

✔ የፍልውሃ ውሃ "መድኃኒት ነው" ብለው አይጠጡ። በተለይ በስምጥ ሸለቆ ብዙ ፍልውሃዎች ፍሎራይድ ይበዛባቸዋል፤ አዘውትሮ መጠጣት ጥርስንና አጥንትን ይጎዳል።

እማማ መድኃኒታቸውን እንደገና ጀምረዋል። ፍልውሃውን ግን አላስተውኳቸውም፤ ከልጃቸው ጋር ይሄዳሉ፣ ኪኒኑን ውጠው። ጉልበታቸውን ለፍልውሃ፣ ግፊታቸውን ለመድኃኒት ሰጥተናል።

እናንተም ቤት ውስጥ መድኃኒት ያቋረጠ ካለ ዛሬውኑ ጠይቁት፤ ሳትቆጡ አነጋግሩት፣ ወደ ሐኪሙም ይዛችሁት ሂዱ። ለወላጆቻችሁ አንብቡላቸው፣ ለሌሎችም ሼር አድርጉ።